የግል ማኅደርን አድራሻ መገመት ይቅር

ለመመረቂያ ጥናቴ የሚሆን አነስተኛ የመረጃ መመዝገቢያ ፕሮግራም በፓይተን ጽፌ፣ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ በሚገኙ ሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ጭኜ ነበር። የተሞሉት ቅጾች በሲ ድራይቭ፣ በተጠቃሚው መነሻ ማኅደር ሥር፣ «ዶክዩመንትስ» ውስጥ እንዲቀመጡ አድራሻውን በቀጥታ ጻፍሁት። በቢቸና እንዳሰብሁት ሠራ። የሞጣው ኮምፒውተር ባለቤት ግን ማሽኑ ፎርማት ቢደረግ ሰነዶቹ እንዲተርፉ ብሎ ዶክዩመንትስን ወደ ዲ ድራይቭ አዛውሮት ኖሯል። ፕሮግራሙ ምንም የስሕተት መልእክት ሳያሳይ የታጣውን ማኅደር በሲ ላይ ፈጥሮ ጻፈበት። በኋላም ማሽኑ ቫይረስ ገብቶበት ፎርማት ሲደረግ የባለቤቱ ሰነዶች ተረፉ፤ የጥናቱ ቅጾች ጠፉ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የባለቤቱ አልነበረም።

የግል ማኅደር የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑት ተጠቃሚውና ስርዓተ ክወናው ናቸው። ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጠቃሚዎችን ሰነድ «ዶክዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» በሚባል ማኅደር ሥር ያኖር ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ቪስታ ወደ «ዩዘርስ» አዛወረው፤ ፕሮግራሞችም የእያንዳንዱን ማኅደር ቋሚ መለያ ሰጥተው ትክክለኛውን አድራሻ የሚጠይቁበትን ተግባር አቀረበ። ዋንድራይቭም የምትኬ አገልግሎቱ ሲከፈት ዶክዩመንትስን ወደ ራሱ ማኅደር ይወስደዋል። በሊኑክስ ደግሞ የማኅደሩ ስም በተጠቃሚው ቋንቋ ሊጻፍ ስለሚችል አድራሻው በቅንብር ፋይል ይመዘገባል።

ለአነስተኛ የጥናት ፕሮግራም የፓይተን «ፓዝ ሆም» ይበቃል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ይህ ተግባር የተጠቃሚውን መነሻ ማኅደር መስጠቱ እውነት ነው። ሆኖም «ዶክዩመንትስ» የሚለውን ቃል በላዩ መቀጠል ያንኑ ግምት መልሶ ማምጣት ነው። ደግሞም የትልቅ ድርጅት ፕሮግራም ቢሳሳት የሚያርመው ባለሙያ አለው፤ የእኛ ፕሮግራም ግን እኛ በሌለንበት፣ በሌላ ሰው ማሽን ላይ፣ ዳግም ሊሰበሰብ የማይችል መረጃ ይዞ ይሠራል። እንግዳ በሰው ቤት ጓዳው ወዴት እንደሆነ ይጠይቃል እንጂ በግምት በር አይከፍትም።

ስለዚህ ፕሮግራሞቻችን አድራሻውን ከስርዓተ ክወናው ይጠይቁ፤ መልስ ሲያጡ አዲስ ማኅደር ከመፍጠር ይልቅ ሥራቸውን አቁመው ይናገሩ፤ የተቀመጠበትንም ሙሉ አድራሻ ለመረጃ ሰብሳቢው በገጹ ላይ ያሳዩ። አማካሪዎችና ፈታኞችም የናሙና አመራረጥን በሚመረምሩበት ጥንቃቄ «መረጃው የት ተቀመጠ?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል።