«ስምንተኛው ሺህ» ለምን አይሰለችም?

ባለፈው ሰሞን ከውጭ አገር የሚመጣ የጓደኛችንን ወንድም ለመቀበል አምስት ሆነን ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን ነበር። አውሮፕላኑ ዘገየ። አንዱ ጓደኛችን በሞባይሉ ከተማ ሲፈርስ፣ ባሕር ሲነሣ የሚያሳይ ፊልም ከፈተና ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ከጎናችን ልጃቸውን የሚጠብቁ እናት አጮልቀው አዩና፣ «ምኑ ይገርማችኋል ልጆቼ፣ ስምንተኛው ሺህ አይደል እንዴ!» አሉን። ሳቅን። ግን ነገሩ ስንመለስ እስከ መገናኛ ታክሲ ውስጥ አከራከረን።

ከመካከላችን «የፈረንጅ ፋሽን ነው» ያለ ነበር። ተሳስቷል። በአባቶቻችን አቆጣጠር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። 1500 ሲደመርበት 7000 ይሞላል። እንግዲህ ስምንተኛው ሺህ ከገባ 500 ዓመት አልፎታል ማለት ነው! (የሒሳብ ሰልጣኞች ልብ በሉ፤ ለልጆች ጥሩ የመደመር ጥያቄ ይወጣዋል።) ይህን ሁሉ ዘመን ጤፍ በተወደደ፣ ልጅ ለአባቱ በመለሰ ቁጥር «መጨረሻው ደረሰ» እየተባለ እዚህ ደርሰናል።

ታዲያ የማይሰለቸው ለምንድን ነው? በበኩላችን ሰውን የሚስበው ጥፋቱ ነው አንልም። ከጥፋቱ በኋላ ማን ይተርፋል፣ ምን ይዞ ይተርፋል የሚለው ነው። «ፍካሬ ኢየሱስ» የመጨረሻውን ዘመን መከራ ከቆጠረ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ፍትሐዊ ንጉሥ ይነሣል ይላል። ቋረኛው ካሣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ የመረጡት ይህንኑ ስም ነው። ስሙን ይዘውም ቁጭ አላሉም፤ መንገድ አስጠረጉ፣ ጋፋት ላይ መድፍ አስቀለጡ። የፍጻሜ ታሪክ ሥራ ማስፈቻ ብቻ ነው የሚሉ መምህራኖቻችን ይህችን ቢያስቧት ደስ ይለናል።

በቅርቡም በ2007 ዓ.ም. ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ያዘጋጀው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት «ክራምብስ» የተባለ የአማርኛ ፊልም ወጥቷል፤ ፍርፋሪ ማለት ነው። ዓለም ካለቀ በኋላ እዚሁ አገራችን የሚሆን ነው። ከፋብሪካ በገፍ የወጣ አሻንጉሊት እንደ ብርቅ ቅርስ ይታያል። ሰማይ ላይ መንኮራኩር ቆማለች፤ ባለታሪኩም የዚህ ምድር ሰው አይደለሁምና በእሷ ወደ አገሬ እገባለሁ ብሎ ያልማል። ቦሌ በር ላይ ሻንጣ የሚጎትተውን ወጣት ላየ ሰው ይህ ሐሳብ እንግዳ ይሆንበታል? እኛን እንዲያውም ትንሽ ቆንጠጥ አድርጎናል፤ ከአምስታችን ሁለታችን ፓስፖርት አውጥተናል።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ዓለም ሊያልቅ ነው አሉ፤ የቤት ሥራ ለምን እንሠራለን?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኛም «ዝም ብለህ ጻፍ!» አልነው። ልጁ አንገቱን ደፋ። ቀልዱን አልነበረም፣ ፈርቶ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ይከነክነናል።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው ክፍል እንመለሳለን። ዓለም አልቆ እሱ ቢተርፍ በመጀመሪያ ከምድር የሚያነሣው ዕቃ ምን እንደሆነ፣ ማንንስ ፍለጋ እንደሚሄድ አንድ ገጽ እንዲጽፍልን እንጠይቀዋለን። ከፈቀደልን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን።