ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር ማን ለካው?

ለውድድር ሕግ ማውጣት ቀላል ይመስላል። አንድ ቁጥር ትመርጣላችሁ፣ «ከዚህ በታች አይገባም» ትላላችሁ፣ አለቀ። ኢኮኖሚክስ ስማር የቀረልኝ ልማድ ግን ሌላ ነገር ያስጠይቀኛል፦ ቁጥሩን የሚሰጠው ማነው?

የአሜሪካን የአማተር መኪና ውድድር እንይ። ብዙው ተወዳዳሪ የሚመጣው ሥራ በሚሄድበት መኪና ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ግን አስፋልት ላይ የሚጣበቅ፣ በጥቂት ውድድር የሚያልቅ ለስላሳ ጎማ ገዝቶ ሌላውን ይቀድማል። ይህን ለመግታት እንደ ኤስሲሲኤ ያሉ ማኅበራት በተራ መኪኖች ምድብ «ትሬድዌር» ቁጥሩ ከ200 በታች የሆነ ጎማ ከለከሉ። ትሬድዌር የጎማው ጥርስ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳይ፣ ጎኑ ላይ የሚታተም ቁጥር ነው። መነሻው 100 ነው፤ 200 ማለት በሙከራው ላይ የመነሻውን ጎማ እጥፍ ይቆያል ማለት ነው።

ችግሩ ቁጥሩን የሚሰጠው መንግሥት ሳይሆን ራሱ አምራቹ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፋብሪካዎች 200 የተጻፈበት፣ ጠባዩ ግን ለውድድር ጎማ የቀረበ ጎማ ይዘው መጡ። ወጪ ሊቀንስ የወጣ ሕግ አዲስ ገበያ ከፈተላቸው።

ከዚህ ጋር የእኛውን ደራራ ሁሪሳን አነጻጽሩ። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ወዲያው ውጤቱ ተሰረዘ። የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የሚፈቀደው 4 ነው። ድሉ ለኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ሆነ። ያማል፤ ግን የሶል ውፍረት ማንም በማስመሪያ የሚለካው ነገር ነው። ክርክር የለውም።

ወደ ዲምቱ እንምጣ። በባጃጅና በሞተር ሳይክል ጎማ ላይ የትሬድዌር ቁጥር አትፈልጉ። የአሜሪካው ደንብ የሞተር ሳይክል ጎማንም፣ ቸርኬው 12 ኢንችና ከዚያ በታች የሆነውንም አይመለከትም። ስለዚህ በየቀኑ ሰው ለሚጭን ልጅ የሚጠቅሙት ራሱ የሚያያቸው ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞች። 2316 ካለ በ2016 በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው! በእኛ 2008 መሆኑ ነው። «የ16 ነው፣ አዲስ ነው» ቢሏችሁ ስምንት ዓመት ያህል እየተሸወዳችሁ ነው።

ሁለተኛ፣ በጥርሶቹ መካከል ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች። ጥርሱ አልቆ ከእነሱ እኩል ከሆነ ጎማው ሥራውን ጨርሷል። ዝናብ ሲመጣ ፍሬን ብትይዙም ይንሸራተታል።

ነገ ሶዶ ወይ ዲምቱ ላይ ወጣቶች የሞተር ውድድር ቢያዘጋጁ ምክሬ አንድ ነው፦ በር ላይ የቆመው ዳኛ ራሱ ሊለካው የማይችለውን ነገር ሕግ አታድርጉት። ጎሚስታ ቤት ገንዘብ ስትከፍሉም ያው ነው፤ ሻጩ ከሚነግራችሁ ይልቅ ጣታችሁ የዳሰሰውን እመኑ።