ቅርጫም ቦታ ይፈልጋል

የፋሲካ ሰሞን የአዲስ አበባ ሰው ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቀው «ቅርጫ ገባችሁ?» እያለ ነው። 55 ቀን ጾሞ የከረመ ሰው ሥጋ ሥጋ ቢለው አይፈረድበትም። እኔ ግን ቅርጫን የምወደው ከሥጋው ይልቅ ሰውን ስለሚያገናኝ ነው።

ሥርዓቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ገንዘቡ ይዋጣል፤ በሬ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ገበያ ወርደው፣ ጥርሱን አይተው፣ ሻኛውን ዳብሰው፣ ተከራክረው ይገዛሉ። በሬው ታርዶ ከተገፈፈ በኋላ ኮባ ይነጠፋል። አካፋዮቹ ከታላቁም ከታናሹም፣ ከሽንጡም ከጎድኑም፣ ከጉበቱም ከጨጓራውም ለየመደቡ እኩል ያደርሳሉ። «ይቺ ሳሳች» ከተባለ ከወፈረችው ተቆርጦ ይጨመርላታል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ምልክቱን ይሰጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የጠርሙስ ቆርኪ። ድልድሉን ያላየ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ሕፃን ልጅ፣ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም፤ ባለመኪናውም ዘበኛውም ዕጣው የሰጠውን ይዞ ይገባል።

እጅ ያጠረው ጎረቤት «ለደመወዝ ትከፍላለህ» ይባላል። የበሬ ዋጋ ሰማይ በነካበት በዚህ ጊዜ አንዱን መደብ ሁለት ቤተሰብ ሲካፈለውም አይቻለሁ። አቅም የሌላቸው እናት ካሉ፣ አፍ አውጥተው ሳይጠይቁ ድርሻቸው ቤታቸው ይደርሳል።

ይህ ሁሉ ግን ቦታ ይፈልጋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮንዶሚኒየም መሠራት ሲጀምር ነገሩ አልተዘነጋም ነበር፤ ልብስ ለማጠብ፣ ምግብ ለማብሰል፣ ከብት ለማረድ ተብሎ ለብሎኮቹ ኮሙናል የሚባል የጋራ ሕንፃ ተሠራ። ዛሬ ስንቱ ኮሙናል መጋዘን ሆኗል? ስንቱስ ተከራይቷል፣ ስንቱስ ተቆልፎ ይኖራል? ነዋሪው ወይ መኪና ማቆሚያው ላይ አርዶ ደሙን በጀሪካን ውኃ ሲያጥብ ይውላል፤ ወይ ከሥጋ ቤት በኪሎ ገዝቶ በሩን ይዘጋል። በኪሎ የተገዛ ሥጋ ሆድ ይሞላል እንጂ ጎረቤት አያስተዋውቅም።

ኮንዶሚኒየም ደግሞ ከየሰፈሩ የተሰባሰበ፣ ደረጃ ላይ ተላልፎ የሚሄድ ሰው መኖሪያ ነው። ቅርጫ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

ስለዚህ የየብሎኩ ኮሚቴዎች ለመጪው በዓል ከአሁኑ ቢነሡ እላለሁ። ኮሙናሉ ይከፈት፤ ውኃ ይግባለት፣ የፍሳሽ መውረጃው ይጠረግ፣ ሥጋውን የሚያይ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ለፋሲካ የተከፈተው በር ለዒድ አል አድሓም ይከፈት። የተመዝጋቢዎች ስም ሲጻፍም ከአዲስ ተከራዮች ይጀመር፤ ነባሩ ሰው ጠርቶ የሚያስገባው አያጣም፣ አዲሱን ግን በሩን አንኳኩቶ «ቅርጫ ትገባለህ?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።