ቀይና አረንጓዴው ስክሪን ስለ ትራምፕ የማይነግረን

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ደወለልኝ። ሰላምታ እንኳን በቅጡ ሳንለዋወጥ «የጡረታ ገንዘቤ በሁለት ቀን ስንት እንደቀነሰ ታውቃለህ?» አለኝ። የሚሠራው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ከደመወዙ ተቆርጦ የሚጠራቀምለት ገንዘብ አክሲዮን ይገዛበታል። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ «ተመለሰ እኮ! ሰውየው ጎበዝ ነው» ብሎ ጻፈልኝ።

እኔም «ቆይ፣ መጀመሪያ የጣለውስ ማን ነው?» አልኩት።

ነገሩን እናስታውስ። መጋቢት 24 ቀን ትራምፕ ከመላው ዓለም በሚገቡ ዕቃዎች ላይ አዲስ ታሪፍ አወጁ። በሁለት ቀን ውስጥ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የትልልቅ ኩባንያዎች የአክሲዮን መለኪያ ከ10 በመቶ በላይ ወረደ። ሚያዝያ 1 ቀን፣ ከቻይና በስተቀር፣ ከፍተኛውን ታሪፍ ለ90 ቀናት አቆዩት። መለኪያው በዚያው ቀን 9.5 በመቶ ዘለለ።

«ተመለሰ» የሚለውን ግን በስልካችሁ ካልኩሌተር ሞክሩት። 100 በ10 በመቶ ሲቀንስ 90 ነው። 90 ላይ 9.5 በመቶ ጨምሩበት፤ 100 አይሞላም። ያውም በመሃል ባሉት ቀናት የወረደውን ሳንቆጥር።

ትራምፕን ወደኋላ የመለሳቸው አክሲዮኑ ብቻ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን የማናየው ቦንድ የሚባል ገበያ አለ፤ የአሜሪካ መንግሥት ሲበደር የሚሸጠው የዕዳ ሰነድ ማለት ነው። አክሲዮን ሲወድቅ ባለገንዘቦች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቦንድ ይሸሻሉ። ያን ሳምንት ግን ቦንዱንም ሸጡት። የ10 ዓመቱ ቦንድ ወለድ ከ4 በመቶ በታች ተነስቶ በቀናት ውስጥ 4.5 በመቶ ደረሰ። የቤት ብድር ወለድ የሚከተለው ይህንን ነው፤ መንግሥትም አዲስ ብድር የሚወስደው በዚሁ ዋጋ ነው። ትራምፕ ራሳቸው ቦንዱን ሲከታተሉ እንደነበር በዕለቱ ለጋዜጠኞች ተናግረዋል።

ታዲያ ገበያን መስማት ጥፋት ነው? አይደለም። የእንግሊዟ ሊዝ ትረስ በፈረንጆቹ 2022 ያለ በቂ ገቢ ግብር እንቀንሳለን ብለው የቦንድ ገበያው ሲናወጥ ሥልጣናቸው ሁለት ወር እንኳን አልሞላም።

ችግሩ ገበያው የሁሉም ሰው ድምፅ አለመሆኑ ነው። አሜሪካውያን ቤተሰቦች ከያዙት አክሲዮን ከ10 እጅ 9 እጅ የሚጠጋው ያለው ሀብታም በሆኑት 10 በመቶዎቹ እጅ ነው። በ2009 ኦባማ ሥልጣን በያዙበት ዓመት ገበያው ከመጋቢት ጀምሮ ሲወጣ ሥራ አጥነት ግን በጥቅምት 10 በመቶ ደረሰ። በ2024 ደግሞ አክሲዮን ክብረ ወሰን በክብረ ወሰን ላይ ሲደራርብ፣ በኑሮ ውድነት የተማረረው መራጭ የባይደንን ፓርቲ ቀጣ። ስክሪኑ አረንጓዴ፣ ኪሱ ግን ቀይ ነበር።

ሌላም አለ። ከሚያዝያው ማፈግፈግ በኋላ በዎል ስትሪት «ታኮ» የሚል ቀልድ ወጣ፤ «ትራምፕ ሁሌም ይፈራል» እንደማለት ነው። ቀልዱ ግን መዘዝ አለው። ነጋዴው «መመለሳቸው አይቀርም» ብሎ ካመነ አይደነግጥም፤ ካልደነገጠ ገበያው አይወድቅም፤ ገበያው ካልወደቀ ደግሞ ፕሬዚዳንቱን የሚያቆማቸው የለም። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ታሪፉ በብዙ አገሮች ላይ ሥራ ላይ ሲውል አክሲዮን ከክብረ ወሰኑ ብዙም አልራቀም ነበር። ፍሬን ነው ያልነው ገበያ ፕሬዚዳንቱን አምኖ ተኛ ማለት ነው።

ስለዚህ የእኔ መመዘኛ ሌላ ነው። ደመወዝ ከዋጋ ቀድሟል ወይስ ቀርቷል? ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሥራ ያገኛል? የመንግሥት ዕዳና ወለዱ ወዴት እየሄደ ነው? ከዚህ ውስጥ የትኛው የፕሬዚዳንቱ ሥራ ነው፣ የትኛውስ ከቀድሞው የወረሱት? እነዚህ በአንድ ቀን አይዘሉም፣ ኖቲፊኬሽንም አይልኩም።

እኛም አዲስ አበባ ላይ የራሳችን የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ስለተከፈተ ይህን ትምህርት ከወዲሁ ብንይዘው አይከፋም። ለአክስቴ ልጅም ያልኩት ይህንኑ ነው፦ «አፑን ዝጋውና የአስቤዛ ደረሰኝህን አውጣ። የዛሬ ዓመት ከከፈልከው ጋር አስተያየው። ጎበዝ መሆን አለመሆኑን ከዚያ በኋላ እናወራለን።»