የዲጄው እጅ በካኮ ሰርግ

ካኮ ላይ ሰርግ ሲኖር ያልተጠራውም ይሰማል። ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ሰኞ ሰኞ በገበያዋ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ ኮረብታ ነው። ሞንታርቦ አንዴ ከተከፈተ ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ ማዶ ያለ ደጃፍ ድረስ ይዘልቃል። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰርገኛ ግን ብዙ ጊዜ ከመቶ ሃምሳ አይበልጥም። ለዚያ ሁሉ ድምፅ ይህ ጥቂት ሰው ነው። እንዲህ ባለ ሰርግ ላይ ዲጄው የያዘው ሥልጣን ከሚታሰበው በላይ ትልቅ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ዲጄ ከብዙ ሠራተኞች አንዱ ነው። አስተናባሪ አለ፣ ቪዲዮ አንሺ አለ፣ አንዳንዴ ባንድም አለ። እዚህ ግን ሁሉም እሱ ነው። ማይክ የሚይዘው እሱ፣ ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሳ ሙዚቃ የሚቀንሰው እሱ፣ ወጡ ዘግይቶ እንግዳው መቁነጥነጥ ሲጀምር ክላሲካል የሚከፍተው እሱ፤ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተር ሊያስነሳ የሚሮጠው ራሱ ነው። ሙሽሮቹ መቼ እንደሚገቡ፣ ማን መቼ እንደሚጨፍር፣ አሮጊቶች መቼ እንደሚነሱ፣ የሰርጉ ቀን ቅርጽ በአብዛኛው በዚህ ልጅ እጅ ነው።

«ዲጄ መጣና ባህል ጠፋ» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ባንድ ከአርባ ምንጭ ማስመጣት ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ወጪ ነው። ላፕቶፕ፣ ሁለት ሞንታርቦና አንድ ጄኔሬተር በፒክአፕ ጭኖ ከጂንካ የሚመጣ ወጣት ግን ድግሱን ድግስ ያደርገዋል። ከዚያም በላይ ሰውን ያውቃል። ካኮ የቤና አገር ናት፤ ሰርግ ላይ ግን አሪውም፣ ማሌውም፣ ፀማዩም፣ ከወላይታና ከጎፋ መጥቶ የሚያስተምረው መምህርም፣ ከጎንደር የመጣችው ነርስም ይቀመጣሉ። ጴንጤ ዘመዶች መዝሙር ሲሆን ያጨበጭባሉ፣ ዘፈን ሲጀመር ወንበራቸውን ወደኋላ ሳብ ያደርጋሉ። ጥሩ ዲጄ ይህን ሁሉ በዓይኑ ለቅሞ ማንም ሳይከፋ ያዞረዋል። የወላይታውን ዘፈን ከፍቶ መምህሩ ወገቡን ሲፈታ ማየት በራሱ ደስታ ነው።

የእኔ ቅሬታ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። የአገራችን የሰርግ ዘፈን የቆመው በአውጪና በተቀባይ ነው። አንዷ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል፤ ያልተቀበለ ሰው ሰርግ መጣ አይባልም። የተቀዳው ዘፈን ግን ተቀባዩንም አብሮ ይዞ ይመጣል። ሞንታርቦው ያወጣል፣ ሞንታርቦው ይቀበላል፣ ሰርገኛው ስልኩን አንስቶ ይቀርጻል። በትልቅ አዳራሽ ይህ ብዙም ላይታወቅ ይችላል። መቶ ሃምሳ ሰው ባለበት፣ ሁሉም የሙሽሪትን ስም በሚያውቅበት ድንኳን ግን ያስታውቃል።

መፍትሔው ዲጄውን ማባረር አይደለም። እዚያው ካኮ አንድ ሰርግ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሙሽራው ሙሽሪትን ሊወስድ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ሚዜዎቹ ይገፋፋሉ፣ ሞንታርቦው ያገሳል። የሙሽሪት አክስት በሰው መሀል ሰንጥቀው ወደ ዲጄው ሄዱና ትከሻውን ነካ አደረጉት። «ልጄ፣ እስቲ አንዴ ዝጋው፤ እኛም አፍ አለን» አሉት። «እሺ እማማ» አለ፤ ነገር ግን አልዘጋውም። ጣቱን ቮሊዩሙ ላይ አሳርፎ ተቀባዩ ሊገባ ሲል ብቻ ቁልቁል ሳበው። ባዶውን ቦታ ሴቶቹ ሞሉት። እንደገና ከፍ አደረገ፣ እንደገና ሳበ። በሦስተኛው ላይ አክስቲቱ ራሳቸው አወጡ፤ ልጁ ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ዘግቶ እጁን ከማሽኑ ላይ አነሳ። ከዚያ በኋላ ደጁ ላይ የነበረው እልልታና ጭብጨባ በየትኛውም ፍላሽ ላይ የለም።

ከውጭ የመጣ ዕቃ የሰውን ጉሮሮ የግድ አይገድልም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ተጫውቶ አሳይቶናል፤ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሸክላ ዛሬም ምስክር ነው። ማሽኑ የሰውን ድምፅ መከተል ይችላል፤ የሚይዘው ሰው ከፈለገ።

ቤና ምድር ላይ ይህ ጉዳይ የበለጠ ይከብዳል። የሐመርን የምሽት ጭፈራ ብዙዎቻችን የምናውቀው በፍቅረማርቆስ ደስታ «ኢቫንጋዲ» መጽሐፍ ነው፤ ቤናና ሐመር ቋንቋቸው አንድ ነው፣ ጭፈራቸውም ዘመዳም ነው። ምቱ የእጅ ጭብጨባና መሬት የሚመታ እግር ነው። ወንዶቹ በሰልፍ ሽቅብ ይዘላሉ፣ ዜማው ካንዱ ወጥቶ በብዙዎች ይመለሳል። በከብት ዝላይ ሥርዓት ላይ ሴቶቹ እግራቸው ላይ ያሰሩት ቃጭልና የሚነፉት ጥሩንባ አለ። ይህን ሁሉ አንድ ሞንታርቦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊውጠው ይችላል፤ ቃጭል ከቤዝ ጋር አይታገልም። አንትሮፖሎጂስቶቹ ጂን ላይደልና ኢቮ ስትሬከር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሐመርን ሕይወት ሲጽፉ፣ ድምፁን ሲቀዱና በፊልም ሲያነሱ ኖረዋል፤ ጂንካ ከተማን ከላይ በሚያይ ኮረብታ ላይም የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየሙ አለ። እነዚህ ትልቅ ሥራዎች ናቸው። ዘፈኑ ነገም እንዲዘፈን ግን ሰርግ ላይ ቦታ ማግኘት አለበት፤ ያን ቦታ የሚሰጠው ወይም የሚነሳው ደግሞ ዲጄው ነው።

ሌላም አለ። ኮረብታ ላይ ድምፅ ወሰን የለውም ብያለሁ። ማዶ ለቅሶ ያለበት ቤት ሊኖር ይችላል። አስተዋይ ዲጄ ዕቃውን ሳያወርድ በፊት «በአካባቢው ያዘነ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሞንታርቦውንም ፊቱን ወደ ድንኳኑ ያዞረዋል። ይህን የሚያደርጉ ልጆች አሉ፤ ማንም አላስተማራቸውም፣ ማንም አልከፈላቸውም። እኛ ግን «ድምፁ ደካማ ነበር» ብለን ከሒሳባቸው እንቀንሳለን።

ስለዚህ ልጅ የምትድሩ ወላጆች ሆይ፣ ከዲጄ ጋር ስትዋዋሉ የሞንታርቦ ብዛት ብቻ አትቁጠሩ። በዋዜማው የሙሽሪት እናትና ዲጄው ግማሽ ሰዓት አብረው ይቀመጡ። ደጅ ላይ ማን እንደሚያወጣ፣ የቤናዎቹ ጭፈራ በስንት ሰዓት እንደሚጀምርና ማሽኑ እስከ መቼ እንደሚዘጋ፣ መዝሙሩ ከዘፈኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ሽማግሌው ያለ ማይክ ይመርቁ እንደሆነ ይነጋገሩ። ማሽኑ ለተዘጋበት ሰዓትም ሙሉ ሒሳቡን ክፈሉት።