የቤት ዕውቀት፤ የሚቋረጠው ዋይፋይና ያገለገለው ላፕቶፕ

ያገለገለ ዕቃ ተቀብሎ በሚገባ የሚሠራበት ቤተሰብ ብልኅ ይባላል እንጂ ችግረኛ አይባልም። ዛሬ በብዙ ቤት የሚገኘው ላፕቶፕ ወይ በውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው፥ ወይ ከመሥሪያ ቤት አገልግሎ የወጣ፥ ወይም ከገበያ በቅናሽ የተገዛ ነው። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ባለቤቱን የሚያስቸግረው ዋይፋዩ አንድ ጊዜ እየያዘ አንድ ጊዜ እየለቀቀ ነው። ልጅ ትምህርቷን በመከታተል ላይ ሳለች ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ እናት በሩቅ አገር ካለው ልጇ ጋር ስትነጋገር ፊቱ በስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀራል። በዚህ ጊዜ አንዱ «አርጅቷል፥ ይሸጥ» ይላል፤ ሌላው አገልግሎት ሰጪውን ድርጅት ያማርራል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን «ስንፍናዋን በዋይፋይ ታመካኛለች» ተብሎ በልጅቱ ላይ ሲፈረድ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ እኛም በዚህ ወር የችግሩን ሥር እያንዳንዱ ቤተሰብ በገዛ እጁ እንዴት ፈልጎ እንደሚያገኘው ለመግለጽ አስበናል።

ምክንያቱን ለማግኘት አስቀድሞ የመንገዱን ክፍሎች መለየት ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ወደ ላፕቶፑ የሚደርሰው በአራት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ከአገልግሎት ሰጪው ድርጅት እስከ ቤት የሚመጣው መሥመር አለ፤ ሁለተኛ መሥመሩን ተቀብሎ በአየር ላይ የሚያሠራጨው ራውተር አለ፤ ሦስተኛ በራውተሩና በላፕቶፑ መካከል ያለው አየርና ግድግዳ አለ፤ አራተኛ በላፕቶፑ ውስጥ የተቀመጠው የዋይፋይ ካርድ፥ ከነአንቴናውና ካርዱን ከሚያዝዘው ፕሮግራም ጋር አለ። ከአራቱ አንዱ ቢታወክ ለተመልካች የሚታየው ያው መቋረጥ ስለ ሆነ፥ በዓይን አይቶ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ ዳኛ ምስክር ሳይሰማ እንደማይፈርድ ሁሉ፥ እኛም ሦስት ምስክሮችን እንጥራ።

አንደኛው ምስክር ስልክ ነው። ላፕቶፑ በተቋረጠበት ቅጽበት፥ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለና ከዚያው ዋይፋይ ጋር የተያያዘ ስልክ አንድ ገጽ ይከፍት እንደ ሆነ ይታይ። የስልኩ የሞባይል ዳታ ግን መዘጋት አለበት፤ አለዚያ ምስክርነቱ ሐሰት ይሆናል። ስልኩም ካልከፈተ ጥፋቱ የላፕቶፑ አይደለም፤ በራውተሩ ወይም በመሥመሩ በኩል ይፈለግ።

ሁለተኛው ምስክር ገመድ ነው። ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አያይዞ ግማሽ ሰዓት መሥራት ነው። በገመድ ሳይቋረጥ ከሠራ መሥመሩም ራውተሩም ደኅና ናቸው፤ ችግሩ ከአየሩ ወይም ከካርዱ ነው ማለት ነው። የኔትወርክ ገመድ ባይገኝ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አያይዞ የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማካፈል ይቻላል፤ ይህ ስለ ራውተሩ ባይመሰክርም ስለ ላፕቶፑ ይመሰክራል።

ሦስተኛው ምስክር ርቀት ነው። ላፕቶፑ ከራውተሩ በ2 ወይም በ3 ሜትር ርቀት ላይ፥ መካከል ግድግዳ ሳይኖር ይቀመጥ። በቅርብ ደኅና ሆኖ በሩቅ የሚቋረጥ ከሆነ ነገሩ የግድግዳና የርቀት ነው፤ በቅርብም ሆኖ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ካርዱን፥ አንቴናውን ወይም ፕሮግራሙን መመርመር ይገባል።

የርቀቱን ነገር ለመረዳት የሞገዱን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ዋይፋይ በአብዛኛው በሁለት ዓይነት ሞገድ ይሠራል፤ አንዱ 2.4 ጊጋኸርትዝ፥ ሁለተኛው 5 ጊጋኸርትዝ ይባላል። የመጀመሪያው ርዝመቱ 12.5 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን ግድግዳን በተሻለ አልፎ ወደ ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን ብዙ ተጠቃሚ ስላለበት ይጨናነቃል። ሁለተኛው ርዝመቱ 6 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ፈጣን ቢሆንም በግድግዳ ቶሎ ይደክማል። ብረት ለሁለቱም ጠላት ነው። ቆርቆሮ፥ የብረት በር፥ ብረት የገባበት ኮንክሪት ሞገዱን ይመልሱታል ወይም ያዳክሙታል። ስለዚህ ራውተርን በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ፥ ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም በወለል ላይ ማስቀመጥ መልካም አይደለም፤ በቤቱ መካከል ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ይሻላል።

ጎረቤቶቹም ይታዩ። የማይክሮዌቭ ምድጃና ብሉቱዝ የሚሠሩት በዚያው በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ነው። እንዲሁም የዩኤስቢ 3 ዕቃዎች፥ ይልቁንም ከላፕቶፑ ጋር ተያይዞ በአጠገቡ የሚቀመጥ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፥ በዚህ ሞገድ ላይ ረብሻ እንደሚያስነሡ ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ገልጿል። ሃርድ ዲስኩ ሲነቀል ግንኙነቱ የሚመለስ ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው፤ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ስልክ የሚያየውን ዋይፋይ ላፕቶፑ ጨርሶ አያየውም። ለዚህ ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፥ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ጂ» የተባለው የዋይፋይ ደንብ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ የሚሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «ኤን» በሁለቱም ሊሠራ ቢችልም፥ ርካሾቹ ካርዶች ግን በ2.4 ብቻ እንዲሠሩ ሆነው ወጥተዋል። እንግዲህ ራውተሩ በ5 ጊጋኸርትዝ ብቻ ቢያሠራጭ እነዚህ ካርዶች አይሰሙትም። ሁለተኛ፥ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ውስጥ ቻናል የሚባሉ ክፍሎች አሉ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ካርዶች ከ1 እስከ 11 ያሉትን ብቻ ሲያውቁ፥ በብዙ ሌሎች አገሮች ግን እስከ 13 ይሠራበታል። ስለዚህ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ላፕቶፕ ራውተሩ በ12 ወይም በ13 ላይ ቢሆን ስሙን እንኳ ላያይ ይችላል። መድኃኒቱ ራውተሩን እርስ በርሳቸው ከማይነካኩት ከ1፥ ከ6 ወይም ከ11 በአንዱ ላይ ማድረግ ነው። ሦስተኛ፥ የምሥጢር ቃሉን የሚጠብቀው አዲሱ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ደብሊው ፒ ኤ 3» ነው፤ አሮጌ ካርዶች ብዙዎቹ ይህን አያውቁም። ራውተሩ ሁለቱን በአንድነት እንዲቀበል፥ ወይም እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው «ደብሊው ፒ ኤ 2» እንዲሠራ ቢደረግ ይታረቃሉ። ከዚያ ወደ ታች ወርዶ እጅግ አሮጌውን «ደብሊው ኢ ፒ» መምረጥ ግን ቤትን ሳይቈልፉ እንደ ማደር ነው።

አሁን ወደ ላፕቶፑ ውስጥ እንግባ። ላፕቶፑ ባትሪውን ለመቈጠብ ሲል የዋይፋይ ካርዱን ያስተኛዋል፤ አሮጌ ካርድ ደግሞ ከተኛ በኋላ ቶሎ የማይነቃበት ጊዜ አለ። በቻርጀር ላይ ሳለ ደኅና ሆኖ በባትሪ ሲሆን የሚቋረጥ ላፕቶፕ የዚህ ምልክት አለበት። በዊንዶውስ ውስጥ «ዲቫይስ ማኔጀር» ይከፈትና «ኔትወርክ አዳፕተርስ» ከሚለው ሥር የዋይፋዩ ካርድ ስም ይፈለግ፤ በእርሱ ላይ በቀኝ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ»፥ ከዚያም «ፓወር ማኔጅመንት» ሲባል፥ ኮምፒዩተሩ ኃይል ለመቈጠብ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደው ምልክት ይገኛል። ይህን ምልክት ማንሣት ነው። በ«ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ «ዋይርለስ አዳፕተር ሴቲንግስ» የሚል ከተገኘም «ማክሲመም ፐርፎርማንስ» የሚለው ይመረጥ።

ቀጥሎ ድራይቨር የሚባለው፥ ካርዱን የሚያዝዘው ፕሮግራም ይመርመር። ያገለገለ ላፕቶፕ ከመሸጡ በፊት ብዙ ጊዜ አዲስ ዊንዶውስ ስለሚጫንበት፥ ለካርዱ በልክ ያልተሠራ ድራይቨር ይዞ ይገኛል። ትክክለኛው ድራይቨር ላፕቶፑን ወይም ካርዱን ከሠራው ኩባንያ ድረ ገጽ ይወሰዳል፤ ነገር ግን አሮጌው ከመነሣቱ በፊት አዲሱ በፍላሽ ላይ ተዘጋጅቶ መቀመጥ ይገባዋል። «ኔትወርክ ሪሴት» የሚባለውም እርምጃ የተቀመጡትን የምሥጢር ቃላት ሁሉ ስለሚያጠፋ፥ አስቀድሞ ቃሉን በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ማብቃቱንም ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ይወቅ።

ብዙ ሰው የማያስበው ግን አንቴናው ነው። የላፕቶፕ አንቴና የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በስክሪኑ ዙሪያ ነው፤ ከዚያ ቀጫጭን ሽቦዎች፥ ብዙ ጊዜ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ፥ በማጠፊያው በኩል ወርደው ከካርዱ ጋር ይያያዛሉ። ላፕቶፑ ለዓመታት ሲከፈትና ሲዘጋ ሽቦው በማጠፊያው ላይ ሊቈስል ይችላል፤ ስክሪኑ በተለወጠ ጊዜም ሽቦው ሳይያያዝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ከራውተሩ አጠገብ ሆኖም ምልክቱ ደካማ ይሆናል፤ ወይም ክዳኑ ሲንቀሳቀስ ግንኙነቱ ይለዋወጣል። ይህን ሥራ እጁ የለመደ ሠራተኛ ቢሠራው ይሻላል፤ ባትሪውን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋልና፥ የሽቦዎቹም ጫፍ እጅግ ትንሽ ነው። አንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች በኩባንያው ያልተፈቀደ ካርድ ሲገባባቸው አንነሣም ስለሚሉ፥ አዲስ ካርድ ከመግዛት በፊት ይህን መጠየቅ ይገባል። መክፈት የማይፈልግ ሰው በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ገዝቶ ካርዱንም አንቴናውንም በአንድነት መተካት ይችላል።

ዋይፋዩ ሳይታመም ታሟል የሚያሰኝ አንድ ነገርም አለ። በአሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ሰዓቱን የምትጠብቅ ትንሽ ክብ ባትሪ አለች። እርስዋ ስትሞት ላፕቶፑ በጠፋ ቍጥር ቀኑ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይመለሳል፤ የተጠበቁ ድረ ገጾችም ቀኑ ሐሰት ነው ብለው አይከፈቱም። ዋይፋዩ «ተያይዟል» እያለ ገጽ የማይከፈት ከሆነ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ቀኑና ዓመቱ ይታይ።

የምርመራው ሥርዓት እንዲገባ አንድ ምሳሌ እናምጣ። አንዲት ተማሪ ማታ ማታ በመኝታ ክፍልዋ ስትማር ግንኙነቱ ይቋረጣል እንበል። ሦስት ቀን ሰዓቱን፥ ክፍሉን፥ ቻርጀር መኖሩንና የስልኩን ሁኔታ በደብተር ጻፈች። ደብተሩ ሲታይ በሳሎን አንድ ጊዜም አልተቋረጠም፤ በመኝታ ክፍል ግን በየጥቂት ደቂቃው ይቋረጣል። ይህን ያየ ሰው ወዲያው «ግድግዳው ነው» ብሎ አዲስ ራውተር ለመግዛት ይነሣል። ነገር ግን በዚያው በመኝታ ክፍል ስልኩ አልተቋረጠም፤ ደግሞም በሳሎን ስትሆን ላፕቶፑ ሁልጊዜ በቻርጀር ላይ ነበር፥ በመኝታ ክፍል ግን በባትሪ። በአራተኛው ቀን ሌላውን ሁሉ ሳትለውጥ ቻርጀሩን ብቻ ወደ መኝታ ክፍል ወሰደችው፤ ግንኙነቱም ጸና። እንግዲህ በደለኛው ግድግዳው አይደለም፥ ኃይል ቈጣቢው ነው፤ መድኃኒቱም ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ የሚነሣ አንድ ምልክት ነው። ልጅቱም እውነት ተናግራ እንደ ነበር ታወቀ። ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ሦስት ነገር በአንድነት የለወጠ ሰው ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ገና ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ላፕቶፑን ከስልኩ ሆትስፖት ጋር ያያይዘው፤ ቻርጀሩን ነቅሎ አሥር ደቂቃ ያህል ቪዲዮ ይክፈትበት፤ ክዳኑን ቀስ እያለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅስ፤ ካርዱ 5 ጊጋኸርትዝ መቀበሉን፥ ስክሪኑም ተለውጦ እንደ ሆነ ይጠይቅ። በሻጩ ፊት የታየ ጉድለት ዋጋ ያስቀንሳል፤ ቤት ከገባ በኋላ የታየ ግን ጭቅጭቅ ያመጣል።

በመጨረሻም የቤቱ ታላላቆች ይህን እንዲያስቡልን እንለምናለን። የዕቃ ጥፋት በምስክር ይታወቃል፤ ምስክሩም ስልክ፥ ገመድ፥ ርቀትና አንድ ደብተር ብቻ ነው። ዕቃው ሳይመረመር ልጅ አይወቀስ፤ ሥሩ ሳይታወቅም ገንዘብ አይውጣ።