ከጓዳ እስከ ማዕድ፦ ድፎ ለማክሰኞ ማታ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዳቦ ነው። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስለ ዳቦ መጋገር ልጽፍ ስነሣ የሚስቅብኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሳቅ። ድፎ መጋገሩን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁበታላችሁ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ድፎ ለምን የድግስ ብቻ ሆነ? ለዘመን መለወጫ ድፎ አለ። ለሠርግ ድፎ አለ። ለክርስትና ድፎ አለ። ማክሰኞ ማታ ግን ድፎ የለም። ማክሰኞ ማታ ያለው ቂጣ ነው።

ቂጣ ቀላል ምግብ ነው ይባላል። ዱቄት፣ ውኃና ጨው ብቻ ነው የሚፈልገው። እርሾ አይጠብቅም። እውነት ነው። ለሚበላው ሰው በጣም ቀላል ነው። ለምትጋግረውስ?

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። በቤት ውስጥ 8 ሰው አለ እንበል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቂጣ ይጋገራል። አንዱ ቂጣ ተገላብጦ እስኪበስል 7 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። 7 ጊዜ 8 ስንት ነው? 56 ነው። 56 ደቂቃ ማለት አንድ ሰዓት ሊሞላ 4 ደቂቃ ሲቀረው ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጋጋሪዋ ከምጣዱ አጠገብ አትርቅም። ከራቀች ቂጣው ያርራል። የመጀመሪያው ቂጣ ሲወጣ ልጆች ይሻሙበታል። ሁለተኛው ለአባወራው ይቀርባል። ስምንተኛው ሲወጣ ሌላው ሰው በልቶ እጁን ታጥቧል። እሷ ጭስ የጠገበ ዓይኗን እያሸች ብቻዋን ትበላለች። ያውም ከበላች ነው።

አንዲት እናት ወደ ማታው ትምህርት ዘወትር ዘግይተው ይመጡ ነበር።

«እትዬ፣ ምነው ዘገዩ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ቂጣው አንድ በአንድ ነው። ጋጋሪዋም እኔው አንዷ ነኝ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ድፎ አይጋግሩም?» አልኳቸው።

«ድፎ? ማን ተዳረ ደሞ?» አሉና ሳቁ። ክፍሉም አብሮ ሳቀ።

ማንም አልተዳረም። ነገር ግን ነገሩን አስቡት። ድፎ አንድ ጊዜ ይደፋል፣ አንድ ጊዜ ይወጣል። ስምንቱም ሰው አንድ ላይ ይበላል። ጋጋሪዋም ከሰው ጋር እኩል ትቀመጣለች። እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ይኸኛው ነው።

ይህ ዘዴ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በሰሜን አውሮፓ ፊንላንድ የምትባል ብርዳም አገር አለች። የፊንላንድ ሰዎች የስንዴ ዱቄት በወተትና በእንቁላል አቅጥነው ይበጠብጣሉ። ሊጡን በመጥበሻ አንድ በአንድ በስሱ መጥበስ ያውቃሉ። ይህ እንደ ቂጣችን ነው፤ ጠባሹን አስሮ ያቆማል። ብዙ ሰው ለማብላት ሲፈልጉ ግን ሌላ ያደርጋሉ። ሊጡን በሙሉ በአንድ ትሪ ላይ ያፈሱታል። ትሪውን የጋለ ምድጃ ውስጥ አስገብተው በሩን ይዘጋሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ያወጡታል። ከዚያ በቢላ እየቆረጡ ለሁሉም ያድላሉ። ስሙ በቋንቋቸው ፓኑካኩ ይባላል። ሐሙስ ሐሙስ የአተር ሾርባና ፓኑካኩ መብላት የቆየ ልማዳቸው ነው። ልብ አድርጉ፤ ሐሙስ ተራ የሥራ ቀን ነው። ሠርግ አይደለም።

የእነሱ ምድጃ በር ያለው የብረት ሣጥን ነው። በከተማ ኦቨን ይባላል። ሙቀቱ ከታችም ከላይም ስለሚመጣ ሊጡን ማገላበጥ አያስፈልግም። በእኛ አገር ገጠር ኦቨን የለም ይባላል። እኔ አለ እላለሁ። ከታች ፍም፣ ከላይ ፍም፣ በመካከል ምጣድ፤ ይኸው ኦቨን። አያቶቻችን ሣጥን ሳይገዙ ሥራውን ሠርተውታል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለስምንት ሰው እራትና ቁርስ እንዲሆን 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ይበቃል። ሚዛን ከሌለ በሻይ ኩባያ ስፈሩት። 16 ኩባያ ዱቄት ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ውኃው 6 ኩባያ ነው። ሊጡ ጠንከር ካለ ግማሽ ኩባያ ጨምሩ። ጨው 2 የሾርባ ማንኪያ ይሁን። ጥቁር አዝሙድ ካለ ጥቂት ጣል አድርጉበት፤ ከሌለም ዳቦው ዳቦ ነው። የቤት እርሾ ከበፊቱ ሊጥ የተረፈ ካለ አንድ ኩባያ ጨምሩ። ከሱቅ የሚገዛ ደረቅ እርሾ ከሆነ 2 የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

ውኃው ለብ ያለ ይሁን። ጣታችሁን ነክራችሁ ሞክሩት። ካቃጠላችሁ እርሾውንም ያቃጥለዋል። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረቶች ናቸው። ሊጡን እየበሉ አየር ይተነፍሳሉ። ሊጡ ኩፍ የሚለው በዚያ አየር ነው። ፍል ውኃ ካገኛቸው ይሞታሉ። ሊጡም ኩፍ ሳይል ይቀራል።

ሊጡን አሹት። 15 ደቂቃ ያህል በደንብ ከታሸ እየተለጠጠ ይመጣል። በስንዴ ውስጥ እንደ ሙጫ የሚስብ ነገር አለ። ግሉተን ይባላል። የእርሾው አየር እንዳያመልጥ አፍኖ የሚይዘው ይህ ሙጫ ነው። በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ ይህ ሙጫ የላቸውም። ገብስ ቢኖረውም ደካማ ነው። ስለዚህ የበቆሎ ዱቄት ብቻውን ድፎ አድርጉት ብትባሉ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። ስንዴ ተወደደ ብላችሁ ድፎን አትተዉ ግን። ዱቄቱን ሦስት እጅ አድርጋችሁ ሁለቱን እጅ ስንዴ፣ አንዱን እጅ በቆሎ ወይም ገብስ ማድረግ ይቻላል። ዳቦው ትንሽ ጠጠር ይላል። ጣዕሙ ግን መልካም ነው። እንዲያውም የበቆሎው ጣፋጭነት ለልጆች ይስማማል።

ሊጡን ከድናችሁ ወደ ሥራችሁ ሂዱ። ቆላ ከሆነ 3 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ደጋ ከሆነ ብርዱ እርሾውን ስለሚያዘገየው ጠዋት ማቡካት ይሻላል። ጠዋት አቡክቶ እርሻ ውሎ መምጣት ነው። የድፎ ጊዜ ረጅም ነው የሚል ሰው አለ። ረጅም ነው። ነገር ግን ያ ጊዜ የእርሾው እንጂ የእናንተ አይደለም። እርሾው ሲሠራ እናንተ አረም ታርማላችሁ።

እንጨት ስለሚፈጅስ? ለድፎ ብላችሁ ለብቻ እሳት አታንድዱ። መጀመሪያ ወጡን ሥሩ። ወጡ ሲወርድ እንጨቱ ፍም ሆኗል። ያ ፍም ነው ለዳቦው የሚያስፈልገው። ነበልባል ለድፎ አይሆንም። ነበልባል ታቹን አሳርሮ ላዩን ጥሬ ያስቀረዋል።

ቅጠሉን አዘጋጁ። የእንሰት ወይም የሙዝ ቅጠል ይሁን። ብዙ ሰው ኮባ ይለዋል። እጠቡት፣ የመሐሉን ወፍራም ዘንግ አውጡ። ቅጠሉን በእሳት ላይ ለብለብ አድርጉት። ያን ጊዜ ይለሰልሳል፤ ሲታጠፍም አይቀደድም። ቅጠሉ ሦስት ሥራ አለው። ሊጡ ምጣዱ ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። እርጥበቱን ይይዛል። ሽታውን ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ። ኮባ በሌለበት አገር ምጣዱን ዘይት ቀብቶ መጋገር ይቻላል። ዓይነቱን በማታውቁት ቅጠል ግን ምግብ አትጠቅልሉ።

ምጣዱ ከእንጀራው ምጣድ ያነሰ ይሁን። ሰፊ ምጣድ ላይ 2 ኪሎ ዱቄት ቢደፋ ሊጡ ሳስቶ ቂጣ ይሆንባችኋል፤ የሸሸነውም እሱን ነው። ምጣዱን አሙቁ። ቅጠሉን ጠርዙ እስኪተርፍ ድረስ አንጥፉ። ሊጡን ድፉበት። የተረፈውን ቅጠል ከላይ እጠፉት፣ ካልበቃ ሌላ ጨምሩ። ከዚያ የብረት ክዳን ግጠሙበት። የሣር አክንባሎ ለዚህ አይሆንም። ላዩ ላይ ፍም ሊደረግ አይደል? ይነዳል። ቆርቆሮ የምትጠቀሙ ከሆነ ቀለም የተቀባ አይሁን።

ፍሙ እንዴት ይከፈል? ብዙ ጊዜ ዳቦ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያላችሁን ፍም ሦስት ቦታ ክፈሉት። ሁለቱ እጅ ክዳኑ ላይ፣ አንዱ እጅ ከታች ይሁን። ምክንያቱ ይህ ነው። ሙቀት ወደ ላይ መውጣት ይወዳል። የታችኛው ፍም ጥቂት ቢሆንም ሙቀቱ በሙሉ ወደ ዳቦው ይሄዳል። የላይኛው ፍም ግን አብዛኛው ሙቀቱ ወደ ሰማይ ይሄድበታል። ስለዚህ በርከት ማለት አለበት።

ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበስላል። በየመሐሉ ፍሙን የሚያይ ሰው ይኑር። ይህን ሥራ ጋጋሪዋ ብቻ መሥራት አለባት ያለው ማነው? አባወራው ከከብቱ ተመልሶ ተቀምጦ የለም? ፍም መቆስቆስ ለወንድ አያሳፍርም። ተራራ የሚያህል ደመራ የሚያነድ ሰው አንድ ክዳን ፍም አያቅተውም።

መብሰሉን ለማወቅ ንጹሕ ስንጥር መሐሉ ድረስ ስደዱ። ሊጥ ሳይዝ ደረቁን ከወጣ በስሏል። ሊጥ ከያዘ ክዳኑን መልሱና ጥቂት ጠብቁ። ሲወጣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። ትኩሱን ለመቁረጥ የሚቸኩል ልጅ አይጠፋም። ከልክሉት። እንፋሎቱ ገና ከውስጥ ስላለ ቢላው ዳቦውን ያላቁጠዋል። ለብ ሲል ይቆረጥ።

ስለ ፍም አንድ ብርቱ ነገር ልንገራችሁ። ይህን አንቀጽ ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም አንብቡለት። ፍም ጭስ የለውም ብላችሁ አትዘናጉ። ከፍም የሚወጣ፣ በዓይን የማይታይና የማይሸት መርዝ አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። በር በተዘጋ ቤት ውስጥ ከተጠራቀመ ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ እንቅልፍ ያመጣል። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ስትጋግሩ በርና መስኮት ክፈቱ። ከተቻለ ደጅ ጋግሩ። ዳቦው ከወጣ በኋላ የተረፈውን ፍም ለሙቀት ብላችሁ ወደ መኝታ አታስገቡ። ብርድ ቢሆንም አታስገቡ። ውኃ አፍስሳችሁ አጥፉት ወይም ደጅ በአፈር ቅበሩት። በአፈር የተቀበረ ፍም ቶሎ አይበርድም፤ ልጅ እንዳይረግጠው ቦታው ላይ ድንጋይ ክበቡበት።

የጋለው ክዳን ሲነሣም ሕፃናት ይራቁ። ፍሙን በቅድሚያ ጥረጉ፣ ቀጥሎ ክዳኑን አንሡ። ሰው ከተቃጠለ የተቃጠለውን ቦታ ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት። 20 ደቂቃ ያህል ሳታቋርጡ አፍስሱ። ቅቤ፣ ማር፣ ጭቃ አትቀቡት። ቁስሉ ሰፊ ከሆነ ወይም ፊት ላይ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ድፎው ከምን ጋር ይበላል? ከሽሮም፣ ከጎመንም፣ ከአይብም ይስማማል። ልጆች በወተት ይወዱታል። ዳቦ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ ለማሳደግ አይበቃም። ባቄላ፣ ምስር፣ አተር ወይም እንቁላል ከአጠገቡ ይኑር። የፊንላንዶቹ የአተር ሾርባ ለዚህም ይጠቅማቸዋል። እኛም አተር አላጣን።

የተረፈው ለጠዋት ቁርስ ነው። በጨርቅ ተጠቅልሎ መሶብ ውስጥ ይደር። በሁለተኛው ቀን ከደረቀ ቆራርጣችሁ ምጣድ ላይ አሙቁት፤ ይለሰልሳል። በሦስተኛው ቀን በዘይትና በበርበሬ ፍርፍር አድርጉት። ሻጋታ ካያችሁበት ግን የሻገተውን ብቻ ቆርጣችሁ ሌላውን አትብሉ። የሻጋታው ሥር በዓይን ሳይታይ ወደ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለውን ዳቦ በሙሉ ጣሉት። ለከብትም ለዶሮም አትስጡ።